ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ማን ያበላቸዋል?



በ2013 ዓ.ም. መተከል በታመሰበት ወቅት አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ ማንኩሽ መጣችና መስጂዳችን ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ከየት እንደመጣች የጠየቃት ሰው ብዙ ነው። እሷ ግን «ቤቱ ተቃጥሏል» ከማለት በቀር አትናገርም ነበር። ለደረሶች ማደሪያ ከሠራናቸው ሁለት ክፍሎች አንዱን ለቀቅንላት። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣው ነገር ለአስር ቤተሰብ ይበቃ ነበር፤ ገንፎ በየሳህኑ፣ ማሽላ በጆንያ፣ የልጆች ጫማ፣ ብርድ ልብስ ሳይቀር (በማንኩሽ ሙቀት ብርድ ልብሱ ምን እንዲያደርግላት እንደታሰበ አላህ ያውቃል)። በሁለተኛው ሳምንት ቀነሰ። በሦስተኛው የጎረቤት ሴቶች ብቻ ቀሩ። በአራተኛው ሳምንት፣ በየቀኑ በደጃፏ የማልፈው እኔ ራሴ ምን እንደበላች አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን ከሱብሒ በኋላ ክፍሉን ባዶ አገኘነው። ትልቁ ልጇ እኔ ዘንድ ቁርኣን ጀምሮ፣ ፊደል ለይቶ ወደ መግጠም ደርሶ ነበር። ሎሁን ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄዷል። የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ሰሞኑን ለእናቶችና ለልጆች ማረፊያ የሚሆን መዋጮ ጉዳይ ሳነሳ አንድ ወንድም «ኡስታዝ፣ እኛ የመብት ትግል ላይ ነን፤ ይህ የርዳታ ድርጅቶች ሥራ ነው» አለኝ። ወንድሜን አከብረዋለሁ፤ ግን አልተስማማሁም። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ሌሊት ፖሊስ አወሊያ ሲገባ ወንድሞችና እህቶች እዚያ የተሰባሰቡት ለእሁዱ የሰደቃ ዝግጅት ነበር። የኮሚቴ አባላቱ ከታሰሩ በኋላም በየቤታቸው ሚስቶችና ልጆች ቀርተዋል። ስንቅ ማመላለሱ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ዓመት ሲሸጋገር ምን ማለት እንደሆነ በዓይኑ ያየ ኡማ፣ የአንድ ቀን ርዳታ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ሊጠፋው አይገባም።

በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገድለዋል። ከመተከል የተፈናቀሉት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በአዊ ዞን ቻግኒ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ከርመዋል። ከዓባይ ማዶ በአሶሳ በኩል ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በኩርሙክ ይገባሉ፤ ከመሸጋገሪያው ጣቢያም ወደ ኡራ ይወሰዳሉ። ከእነዚህ ሌላ በጦርነት ሳይሆን በገዛ ቤቷ ተደብድባ ሌሊት ልጇን አንጠልጥላ የወጣች እናት አለች። በእኛ ከተማ የዚህችኛዋ ዕጣ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማግሥቱ ይመልሳታል። እርቅ መልካም ነው፤ ዲናችንም ያዝዘዋል። ነገር ግን የምታድርበት ያጣች ሴት ከእርቁ ጠረጴዛ ፊት የምትቀመጠው አማራጭ ኖሯት አይደለም።

ሌላ ቦታ የተሠራውን እንይ። አዲስ አበባ ውስጥ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በ1995 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መሥራቿ ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር ናቸው። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ይገባሉ። መኝታና ምግብ ብቻ አይደለም የሚያገኙት፤ ሕክምና፣ ምክር፣ የፍርድ ቤት ክትትል፣ ሲወጡ የሚተዳደሩበት የሙያ ሥልጠናም አለ። ማኅበሩ ኋላ አዳማና ሐዋሳም ላይ ማረፊያ ከፍቷል። እንዲህ ያለ ቤት የሚቆመው በቆርቆሮው ብዛት አይደለም። በየቀኑ የሚጋገር እንጀራ፣ ሳሙና፣ ውሃ፣ ማገዶ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ፣ በመጨረሻም ለምትወጣዋ እናት ሻይ አፍልታ የምትሸጥበት መነሻ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለጋሽ ወንድም ግን ስሙ የሚጻፍበት ግድግዳ ይወዳል። ለሳሙና ስም አይጻፍም።

እኛ ዘንድ ለዚህ ችግር የተቀመጠ መፍትሔ ከሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ መሬት ባገኙ ጊዜ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ፤ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ተደርጎ ፍሬው ለድሆች፣ ለመንገደኞችና ለመሰሎቻቸው ሆነ። ወቅፍ ማለት ይህ ነው። እኛ አገር ወቅፍ ሲባል መስጂድና መቃብር ብቻ ይመስለናል። አንድ ወፍጮ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ሄክታር ሰሊጥ ወቅፍ ቢሆን የአራተኛውን ሳምንት እራት ይሸፍናል።

ስለ ዘካት የሚጠይቁኝ ስላሉ እዚህ ላይ ላብራራ። የዘካት ባለመብቶች በሱረቱ ተውባ አያ 60 የተቆጠሩት ስምንቱ ናቸው። አብዛኞቹ ዑለሞች ዘካት በባለመብቱ እጅ መግባት አለበት ስለሚሉ ለግድግዳና ለጣሪያ አናውለውም። ለችግረኛዋ እናት በእጇ ብንሰጣት ግን ቦታው ነው። በዝናብ የበቀለ ማሽላ ያለህ ገበሬ፣ ኒሷቡ ከሞላ ከአስሩ አንዱ የአንተ አይደለም፤ ከዚያ ላይ ጆንያዎቹን ይዘህ ና። ቤቱን በሰደቃና በወቅፍ እንሠራለን።

ደግሞ የመጣችው እናት ሙስሊም ባትሆንስ? ይህ በመተከል የምር ጥያቄ ነው። ጉሙዙም፣ ሺናሻውም፣ አማራውም፣ አገውም፣ ኦሮሞውም ተፈናቅሏል። ብዙኃኑ ዑለሞች ዘካት ለሙስሊም ችግረኛ ነው ይላሉ። ሰደቃ ግን ለማንም ችግረኛ ይሰጣል፤ ስለዚህ የማረፊያው በር ሃይማኖት መጠየቅ የለበትም። እኛ እኮ የዚህ ታሪክ ባለዕዳዎች ነን። አስማእ ቢንት ዑመይስ ከባለቤቷ ከጃዕፈር ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ልጆቿን የወለደችው እዚሁ፣ ክርስቲያን ንጉሥ ባስጠለላት አገር ነው።

መስጂዱ ግቢ ሴት ማስጠለል ነውር ነው የሚልም አላጣሁም። ቡኻሪ የዘገቡትን ያንብብልኝ። ከባርነት ነፃ የወጣች አንዲት ጥቁር ሴት ጌጥ ሰርቀሻል ተብላ፣ ተፈትሻ፣ ተዋርዳ፣ ንጽሕናዋ ከታወቀ በኋላ ወደ መዲና መጣች። ድንኳኗ የተተከለው በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ነበር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዘንድ እየመጣች ትጨዋወት ነበር።

ስለ መስፈርትም አንድ ነገር ልበል። ዑመር ለሕፃናት ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ከተዉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት የሕፃን ለቅሶ ሰምተው ሲጠይቁ፣ እናቲቱ ድጎማውን ለማግኘት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው ኖሯል። ዑመር አለቀሱ፤ ድጎማውም ከልደት ጀምሮ እንዲሆን አወጁ። እኛም መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ከማለታችን በፊት ወረቀቷ ከቤቷ ጋር መቃጠሉን እናስታውስ። ፎቶ ማንሳቱንም እንተው። ተደብድባ የሸሸችን ሴት ምስል በቴሌግራም መልቀቅ ለሚያሳድዳት ሰው አድራሻ መስጠት ነው።

መጅሊሱ በምርጫ ይቋቋም፣ ተጠሪነቱም ለሕዝበ ሙስሊሙ ይሁን ብለን ዓመታት ጮኸናል። የራሳችን የሰደቃ ሣጥን ግን ስንት እንደገባበት የምናውቀው ስንቶቻችን ነን? ስለዚህ ማንኩሽ ላይ እንዲህ ተስማምተናል። አምስት ሰዎች መርጠናል፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ማን እንደምትገባና መቼ እንደምትወጣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ገቢና ወጪው በወሩ የመጨረሻ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ይነበባል፤ የእናቶቹ ስም አይነበብም። ሁለቱ ክፍሎች ለማረፊያው ሆነዋል። ደረሶቹን ቤተሰቦች ተከፋፍለው ወስደዋቸዋል፤ አንዱ እኔ ቤት ነው፣ ብዙ ይበላል፣ ማሻአላህ።

የቀረው ሱቁ ነው። መስጂዱ መንገድ ዳር ባለው መሬት ላይ ለማረፊያው ወቅፍ የሚሆን አንድ ክፍል ሱቅ ጀምረን ግድግዳው ቆሟል። ተከራይ አግኝተናል፤ ክረምት ሳይገባ እንድናስረክበው ይፈልጋል። የጎደለን የጣሪያ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የብረት በር ነው። ሩቅ ያላችሁ ደግሞ ወደ ማንኩሽ ከመላካችሁ በፊት በሰፈራችሁ ያለውን ጠይቁ፤ የትኛው ማረፊያ በስንተኛው ሳምንት ላይ እንዳለ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።