የጎማ ቡሎን የባለመኪናው ብቻ ጉዳይ አይደለም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ጎርፍ ቦይ፣ ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ ግን ስለ መኪና ጎማ፣ ስለ ቡሎንና ስለ ዳዶ እንጽፋለን። «መኪና ለሌለው ሰው ይሄ ምን ያደርግለታል?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ወልቆ የሚንከባለል ጎማ ግን ባለመኪናውን አይፈልግም፤ መንገድ ዳር ድንች የምትሸጠውን እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ሕፃን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። የሆሳዕና፣ የሻሸመኔ፣ የአርባ ምንጭ፣ የሳውላና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙት እዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ከተማችን መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ደግሞ የመኪናው ብዛት በዓይናችን እያየን ጨምሯል። ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ የቤት መኪናው፣ ባጃጁ ሁሉ በደጃችን ያልፋል። በቅርቡም በሰፈራችን ቁልቁለት ላይ የአንድ የቤት መኪና የኋላ ጎማ ወልቆ፣ ብቻውን እየዘለለ ወርዶ የሰው አጥር ጥሶ ገብቷል። ሰው ባለመጎዳቱ ተመስገን ብለን አልፈናል። መኪናው ሲታይ ግን በቸርኬውና በሞዞው መካከል ስፔሰር የሚሉት ክብ ብረት ገብቶበት፣ ቡሎኖቹ ዳዶውን የያዙት በጫፋቸው ብቻ ኖሯል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በጃፓን አገር በዮኮሃማ ከተማ በጥር ወር 1994 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2002) ከአንድ የሚትሱቢሺ የጭነት መኪና የወለቀ ጎማ፣ ልጆቿን ይዛ በእግረኛ መንገድ ላይ የነበረችን እናት ገድሏል፤ ልጆቿም ቆስለዋል። ፋብሪካው በመጀመሪያ ጥፋቱን በመኪናዎቹ አያያዝ ላይ አድርጎ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ሞዞው ራሱ ጉድለት እንዳለበት አምኖ መኪናዎቹን ለጥገና ጠርቷል። እንግዲህ ፋብሪካ የሠራው ሞዞ እንኳ እንዲህ ካደረገ፣ ቶርኖ ቤት ከላሜራ ተቆርጦ የተበሳ ብረት ምን ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ስፔሰር የሚያስገቡ ሰዎች ምክንያት አላቸው። አንዳንዱ መኪናው ሰፋ ብሎ እንዲቆምለት ይፈልጋል። አንዳንዱ ሰፊ ጎማ ገዝቶ ወደ ውስጥ ሲነካበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የመኪናው ያልሆነ ቸርኬ ከሶማሌ ተራ አስመጥቶ ለማስገጠም ሲል ነው። የማኅበራችን አቋም ግን ግልጽ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው በልኩ የተሠራ ቸርኬ መግጠምና ስፔሰርን ጭራሽ መተው ነው። ግድ ሆኖብኛል ለሚል ሰው የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ስፔሰር በገባ ቁጥር ቡሎኑ በዚያው ልክ ያጥራል። የ10 ሚሊ ሜትር ስፔሰር የቡሎኑን 10 ሚሊ ሜትር ይበላል። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት። ቡሎኑ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ የሚያዘው ጥርስ ከ12 ሚሊ ሜትር አይነስ። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ዳዶውን በእጅ እያዞሩ መቁጠር ነው። በቶዮታ 8 ዙር፣ በሱዙኪ 10 ዙር ሳይሞላ ከጠበቀ ቡሎኑ አጭር ነው፤ ያ መኪና ከቦታው መነሳት የለበትም።

ሁለተኛ፤ የስፔሰሩ መሐል ቀዳዳ በሞዞው አንገት ላይ ልክክ ብሎ መቀመጥ አለበት። ስፔሰሩም በበኩሉ ቸርኬውን የሚሸከምበት አንገት ይኑረው። ክፍተት ካለ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሸክሙም በሙሉ በቡሎኖቹ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛ፤ ሁለት ስፔሰር መደራረብ፣ ወይም በስፔሰር ፈንታ ሮንዴላ መደርደር ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ወፍራም ስፔሰር ካስፈለገ የራሱ ቡሎን ያለው፣ መጀመሪያ በሞዞው ላይ የሚታሰር፣ ከዚያ ቸርኬው በእሱ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነው።

አራተኛ፤ እንደ ፎልክስዋገን ባሉ መኪናዎች ላይ ዳዶ የለም፤ ቡሎኑ ራሱ ወደ ሞዞው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የዚህ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ አገራችን እየገቡ ስለሆነ ነገሩን ማወቅ ይጠቅማል። በእነዚህ ላይ ስፔሰር ሲገባ ረጅም ቡሎን ያስፈልጋል፤ ስፔሰሩ ሲወጣ ግን ረጅሙ ቡሎን አብሮ ይውጣ። አለበለዚያ ጫፉ ከሞዞው ጀርባ አልፎ የፍሬኑን ዕቃ ይነካል።

አምስተኛ፤ የዳዶውና የቡሎኑ ራስ የሚቀመጥበት ቅርጽ አንድ አይደለም። ሾጣጣ አለ፣ እንደ ኳስ የተሞረደ አለ፣ ጠፍጣፋ አለ። ሾጣጣውን በኳሱ ጉድጓድ ላይ ያሰረ ሰው የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ በቀጭን መስመር ብቻ ነው የያዘው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ይላላል።

ስድስተኛ፤ የቶዮታ ቪትዝና የሱዙኪ ዲዛየር ቸርኬ ሁለቱም ባለ 4 ቀዳዳ ሆኖ ይገጥማል፤ ዳዶአቸው ግን አይገጥምም። ቡሎናቸው ሁለቱም 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቶዮታው ጥርስ 1.5፣ የሱዙኪው 1.25 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። በዓይን አይለይም። በእጅ ሲጀመር እምቢ ያለውን ዳዶ በመፍቻ ያስገደደ ሰው ጥርሱን አበላሽቶታል። ስለዚህ ዳዶ ሁልጊዜ በእጅ ይጀመር፤ በእጅ ካልሄደ አይሆንም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጎሚስታ ልጆቻችን እንምጣ። ፀሐይና ዝናብ ሳትሉ የምትሠሩ ናችሁ፣ ድካማችሁን እናውቃለን። ነገር ግን መፍቻ ላይ በእግር መቆምን ተዉት። ለብዙዎቹ ትንንሽ የቶዮታ መኪናዎች የታዘዘው ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህም በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማሳረፍ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ሲቆምበት ከታዘዘው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ቡሎኑ ያን ጊዜ አይሰበርም፤ ይለጠጥና ሌላ ቀን፣ ሰው በተጫነበት ሰዓት ይሰበራል። የላላውም፣ ከልክ በላይ የጠበቀውም መጨረሻቸው አንድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። የሞዞው፣ የስፔሰሩና የቸርኬው ፊት ከጭቃና ከዝገት ይጽዳ፤ ጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ አይቀባ። ዳዶዎቹ በእጅ ከተጀመሩ በኋላ በዙሪያ ሳይሆን በማዶ ለማዶ ይጥበቁ። ክሪኩ ወርዶ ጎማው መሬት ሲይዝ የመጨረሻው ጥብቀት ይሰጥ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ፣ ማለትም አረካ ደርሶ ሲመለስ፣ መኪናው ቆሞ ጥብቀቱ እንደገና ይታይ። በአንዳንድ የጭነት መኪናዎች በግራ ጎን ያሉት ዳዶዎች በግራ ዙር እንደሚጠብቁም አይዘንጋ።

መንገድ ላይ መሪ ከተንቀጠቀጠ፣ ከጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ከዳዶ ሥር የዝገት መስመር ከታየ ወዲያው መቆም ነው። አንድ ቡሎን ከተሰበረ ጎረቤቶቹ የእሱን ሸክም ሲሸከሙ እንደቆዩ ይታወቅ፤ እነርሱም ይመርመሩ።

«በየዓመቱ ምርመራ አልፈን ቦሎ እንለጥፍ የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተሽከርካሪ ምርመራ ተደንግጓል። ነገር ግን ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ዳዶ የሚላላው በቀሩት ቀናት ነው። ስፔሰሩም ከምርመራ በኋላ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ጥበቃው በእጃችን ቢሆን ይሻላል።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ማናችንም ለየብቻ መግዛት ስለማንችል በጋራ ገዛነው። ቶርክ ሬንች የሚባለውን፣ የጥብቀቱን ልክ የሚለካ መፍቻም እንዲሁ አንድ ብንገዛ ምን አለበት? ግማሹን ባለመኪኖች ያዋጡ፣ ግማሹን ማኅበሩ ይቻል። በዕቃ ቤት ሆኖ በፊርማ ይሰጥ፤ የሰፈሩ ጎሚስታዎች ያለ ክፍያ ይጠቀሙበት። «የመኪና አልባውን መዋጮ ለባለመኪና?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አስቀድመን እናውቃለን፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። አጥሩ የተጣሰበት ጎረቤታችን ግን መኪና የለውም።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ ስለተያዘ የደገፈም የተቃወመም መጥቶ ይናገር። የጊፋታ በዓል ሲቃረብ ዘመድ ከየአገሩ ወደ ወላይታ ይገባል፤ መንገዱም ይጨናነቃል። ከዚያ በፊት ውሳኔ ላይ ብንደርስ መልካም ነው። እስከዚያው ባለመኪኖች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ዝቅ ብላችሁ አራቱንም ጎማ እዩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ወላይታ ሶዶ