የሕፃናትን መምህራን ባዶ እጃቸውን አንተዋቸው

ባለፈው ዓመት ከድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ከአንዱ የመጣች የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህርት አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ታቅፋ ወደ ክፍሌ ገባች። ልጁ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ወድቆ ተንቀጥቅጧል። እኔ ዘንድ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ቆሞ ነበር፤ ሰውነቱ ግን እንደ እሳት ይፋጃል። ደሙ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ ተኝቶ ታክሞም ዳነ። ያልጠበቅነውን ጉዳት ያገኘነው አፉ ውስጥ ነው። አንድ የፊት ጥርሱ ተሰብሯል፤ ከንፈሩም ተሰንጥቋል።

መምህርቷ አልደበቀችም። «ምላሱን እንዳይነክስ ብዬ ማንኪያ አስገባሁበት፤ ክብሪትም ለኩሰን አሸተትነው» አለችኝ። የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ሲረዱ ያየቻቸው ሽማግሌዎች የሚያደርጉትን ነው ያደረገችው። ትክክል እንዳልሆነ ስነግራት አንገቷን ደፍታ ቆየችና «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ ዶክተር?» ስትል ጠየቀችኝ። አራት ዓመት ሕፃናት ስታስተምር ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

የዛሬው ጽሑፌ ለዚህች መምህርትና ለመሰሎቿ ስለሚያስፈልገው የሥራ መሣሪያ ነው። ጠመኔና ሰሌዳ ማለቴ አይደለም። በእጇ የተሰጧትን ሕፃናት ጤና ለመጠበቅ የሚያስችላትን ዕውቀትና ዕቃ ማለቴ ነው።

ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች እንደሚያወሱት፣ በአገራችን የመጀመሪያው አፀደ ሕፃናት የተከፈተው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድሬዳዋ ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹም ለባቡር ሐዲድ ሥራ የመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ልጅም «ኦ ክፍል» በምንለው የዝግጅት ክፍል ገብቶ ፊደል ይቆጥራል። ይህ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም በሩ ሲሰፋ መምህራኑን የማሠልጠኑና የማስታጠቁ ሥራ አብሮ አልሄደም። በብዙ ቦታ ለኦ ክፍል የሚመደቡት ሕፃናትን ለማስተማር የተለየ ሥልጠና ያላገኙ ናቸው። ሥልጠና ያገኙትም ቢሆኑ ስለ ሕፃናት ጤና የተማሩት ጥቂት ነው።

ሕጉ ግን ይህን አልዘነጋም። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ ያዘጋጁት ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው ማዕቀፍ አንድ ሕፃን በሚገባ እንዲያድግ ጤና፣ ምግብ፣ ደኅንነት፣ ትምህርትና ስሜቱን ተረድቶ ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊ አንድ ላይ ያስፈልጉታል ይላል። አምስቱም በአንድ ሰው እጅ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር ከቤት ቀጥሎ የመምህርቷ ክፍል ነው።

መምህርቷ ሐኪሙ የማያየውን ታያለች

ቢዮ አዋሌን በመሰለ የገጠር አካባቢ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ይዛ ከተማ ወደሚገኘው ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ለመምጣት የትራንስፖርት ገንዘብ መፈለግና ሥራዋን መተው ይኖርባታል። ስለዚህ የምትመጣው በሽታው ሲጠና ነው። በቅርቧ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አንድ ጤና ኬላ ላይ ሁለት ሆነው አምስት ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተመደቡ ናቸው። መምህርቷ ግን ያንኑ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን ታየዋለች። ትናንት ሲሮጥ የነበረ ዛሬ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት።

እንዲህ ያሉ ምልክቶችን ብታውቅ ብዙ ልጅ ይተርፋል፦

ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር፣ ትእዛዝ ሲሰጥ ሌሎች ልጆች የሚያደርጉትን አይቶ የሚከተል፣ ከጆሮው መግል የሚወጣ ልጅ የመስማት ችግር ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ «ሰነፍ» ወይም «እልኸኛ» እየተባለ ዓመቱን ሲቀጣ አይቻለሁ።

ሰሌዳው ሥር ካልቆመ የማያይ፣ አንገቱን አዘንብሎ የሚመለከት፣ ዓይኑ የሚቀላና የሚያዣ ልጅ መመርመር አለበት። ሲመሽ እየተደናቀፈ የሚሄድ ከሆነ ዳፍንት ይዞት ይሆናል፤ ይህም የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው።

መዳፉና የዓይኑ የውስጥ ቆዳ የነጣ፣ አፈር የሚበላ፣ ቶሎ የሚደክም ልጅ የደም ማነስ ሊኖረው ይችላል። እግሩ ያበጠ ወይም ሰውነቱ እየከሳ የሄደ ሕፃን ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ መላክ ይኖርበታል።

በድሬዳዋ አንድ ነገር ይጨመራል። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የጀመረ የቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በበጋ የወባ ወረርሽኝ አይተናል። ለመጨረሻው ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጭምር ትራባለች። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ በርሜልና ሮቶ መከደን አለበት። ትኩሳት ያለው ልጅም ወደ ምርመራ እንጂ ወደ መድኃኒት መደብር አይላክ፤ አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጠው፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋውን ያባብስበታል።

ለመምህርቷ ጥያቄ መልሱ

ልጅ ሲንቀጠቀጥ በዙሪያው ያለውን ወንበርና ስለታም ነገር ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ልብስ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛትና ሰዓት መያዝ ይገባል። አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ክብሪትም አይሸተትም፤ እጅና እግሩም ተጨቁኖ አይያዝም። በሚገባ ሳይነቃ ውሃ አይሰጠው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ከተደጋገመ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከዓመት በላይ የሆነ ልጅ ሲታነቅ፣ የሚያስል ከሆነ እንዲያስል ማበረታታት በቂ ነው። መተንፈስና ድምፅ ማውጣት ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሶ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ ሥር አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣም ከኋላው አቅፎ ከእምብርቱ በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ ድረስም ማፈራረቅ ነው። የማይታየውን ነገር በጣት መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ልጅ ሲቃጠል የተቃጠለው ቦታ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ይገባል፤ ቧንቧ ከሌለ በጆግ እያንቆረቆሩ። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥና ቅቤ ቁስሉን ያመረቅዙታል።

ተቅማጥ ሲይዘው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው፤ የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ጊዜ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ለማስረዳት የፈጀብኝ ጥቂት አንቀጽ ነው። ይህ ዕውቀት ከመምህርቷ የራቀው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ለእርሷ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው ያለ መሥሪያ ቤት ስለጠፋ ይመስለኛል። ጤናው ዘርፍ ትምህርት ቤቱን የትምህርት ጉዳይ ይለዋል፤ ትምህርቱ ዘርፍ ደግሞ ሕመሙን የጤና ጉዳይ ይለዋል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለእያንዳንዱ ኦ ክፍልና አፀደ ሕፃናት አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ከአራት ገጽ የማይበልጥ፣ ሥዕል ያለው፣ መምህርቷ በምታስተምርበት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ነው። በድሬዳዋ ገጠር ይህ በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ነው። ቦታውም ግድግዳ ላይ ይሁን፤ በቁልፍ የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ የተቀመጠ ጥራዝ ልጅ አያድንም። ሁለተኛ፣ ሳሙና፣ የእጅ ጓንት፣ ጎዝ፣ ፋሻ፣ ቴርሞሜትርና ኦአርኤስ የያዘ ሣጥን ነው። ሦስተኛ፣ በየሴሚስተሩ ግማሽ ቀን ጤና ኬላ ላይ በአሻንጉሊት የሚደረግ ልምምድ ነው፤ በእጅ ያልተሞከረ ነገር በድንጋጤ ሰዓት አይታወስምና። አራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ቁጥርና ወደ ጤና ተቋም የተላኩ ልጆች የሚመዘገቡበት ደብተር ነው። እኛ ሐኪሞችም የተላከውን ልጅ ካየን በኋላ ለመምህርቷ በወላጅ ፈቃድ መልስ መጻፍ ይኖርብናል።

አንዳንድ መምህራን «ደመወዛችን ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ፣ አሁን ደግሞ ነርስ ልታደርጉን ነው?» ይሉኛል። ቅሬታቸው እውነት አለው። የምጠይቀው ግን እንዲያክሙ አይደለም። እንዲያዩ፣ ባሉበት ጉዳት እንዳይጨምሩ፣ ከዚያም እንዲልኩ ብቻ ነው። ለዚህ የሚውለው ጊዜ ደግሞ ከሥራ ሰዓታቸው ተቆርጦ ሊሰጣቸው ይገባል፤ ከዕረፍታቸው ላይ መውሰድ ተገቢ አይሆንም። መሣሪያውንም ከኪሳቸው እንዲገዙ መጠበቅ ነውር ነው።

ወላጆችም የምትጠብቁት ነገር የለም። ልጃችሁ የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም የማይስማማው ምግብ ካለው ለመምህርቷ ዛሬውኑ ንገሯት። የክትባት ካርዱን አሳዩአት፤ የሚገኝ ስልክ ቁጥርም ስጧት። «ልጄን ያገሉብኛል» ብላችሁ የምትደብቁት ሕመም በክፉ ሰዓት ልጁን ብቻውን ያስቀረዋል።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ብዙ ሺህ እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ለመምህራን አስጨብጠው ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት በየወረዳውና በየክላስተሩ ያሉ የጤናና የትምህርት ኃላፊዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሣጥኑን ማን ይገዛል፣ ልምምዱን ማን ይሰጣል የሚለውን ይወስኑ። ያቺ መምህርት ከእኔ ዘንድ ስትወጣ መልሱን በወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻታለሁ። የጎረቤቷ ትምህርት ቤት መምህርት ግን እስካሁን አልጠየቀችኝም፤ የምትጠይቀኝም ልጅ ከወደቀ በኋላ እንዳይሆን እፈራለሁ።