ለሱቃችንም እድር እናቁምለት

የጥሊሊ ነጋዴዎች፣ ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት ያላችሁ፣ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈታችሁ! ሰው ሲሞትብን ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያመጣ፣ ለሐዘንተኛው ስንት ብር እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእድሩ ደብተር ላይ ሰፍሯል። ሱቃችን ሲቃጠልስ? ባልዲ ይዘን እንሮጣለን፣ በማግስቱም ለተጎዳው ብር እናዋጣለን። መልካም ልማድ ነው። ግን የሚሠራው አንድ ሰው ሲጎዳ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ሌሊት ከተጎዳ፣ ትናንት አዋጪ የነበረው ዛሬ እጁን ዘርጊ ይሆናል።

ሃያ ሱቅ እንዴት አብሮ ይቃጠላል የሚል ካለ፣ አስፋልቱን ተከትሎ ይሂድና ቀና ብሎ ይመልከት። የብዙዎቹ ግድግዳ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት። ሱቅን ከሱቅ የሚለየው ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ሁሉም አንድ ቤት ነው። ከአንድ ቆጣሪ የሦስት ቤት ገመድ ይሳባል። ወዲህ ብየዳው ይፈነጥቃል፣ ወዲያ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ይቸረቸራል። የክረምቱን መብረቅማ ማን ለማን ይነግራል!

መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሲነድ ከተማው አዲስ አበባ ነበር፣ የእሳት አደጋ መኪናውም ነበረ። ነገር ግን መንገዱ ጠቦ እንደልብ መግባት አልተቻለም፤ እሳቱ ለሰዓታት አልበረደም። በመጋቢት 2014 ደግሞ የሐርጌሳው ዋሂን ገበያ በአንድ ሌሊት ወደመ፤ 2,000 ያህል ሱቅ ሄደ። እኛ ከእነዚያ የምንሻልበት ምን አለን?

የሚያሳስበኝ የንብረቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያስበው ባይችል እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ነፋስ የነቀለው ቆርቆሮ ገበያተኛ ቢመታ ከሳሹ ወደ እናንተ ይመጣል። የወፍጮው ቀበቶ የሠራተኛችሁን እጅ ቢይዝም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የእናንተ ጥፋት ባይኖር እንኳ ተጠያቂ ያደርጋችኋል። ባጃጅ ያለው ጎረቤታችሁ በአዋጅ ስለተገደደ የሦስተኛ ወገን መድን አለው፤ ተለጣፊውን መስታወቱ ላይ ታያላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ተሰልፎ የሚውልበት ወፍጮ ቤት ግን የሚያስገድደው ስለሌለ ምንም የለውም። በእኔ አስተያየት ይህ ቸልተኝነት ነው፤ ድህነት አይደለም።

«እኔማ ባንኩ መድን አስገብቶኛል» የምትሉ አላችሁ። ውሉን አውጡና አንብቡት። ብዙ ጊዜ መድን የተገባለት ለብድር የተያዘው ቤት ነው፤ ካሳው መጀመሪያ የሚሄደውም ለባንኩ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ውጭ ቀርቷል።

«ክፉ አትጥራ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ እድር መግባት ሞት አልጠራብንም። ወለድን በሃይማኖት ለሚርቅ ደግሞ ተካፉል የሚባል ከወለድ ነፃ የመድን አማራጭ በአገራችን ተፈቅዷል።

«ኢንሹራንስ አይከፍልም» የሚለው ቅሬታ ግን ሊናቅ አይገባም፤ እውነት አለበት። ግማሹ ጣጣ የሚመጣው ከእኛ ነው። አረቦን ለመቀነስ ብሎ የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃውን 500 ሺህ ነው ያለ ሰው፣ 400 ሺህ ብር ቢቃጠልበት የሚደርሰው 200 ሺህ ነው፤ ለቀሪው ራሱ ዋስ እንደሆነ ይቆጠራል። ጉዳቱን በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ በንግድ ሕጉ የተጻፈ ግዴታ ነው። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ደግሞ ምን እንደነበረው በምን ያስረዳል? ደረሰኝ ይቀመጥ፣ በየወሩ ቆጠራ ይደረግ፣ መደርደሪያው በስልክ ፎቶ ይነሣና ለዘመድ ይላክ፤ ስልኩም አብሮ ሊቃጠል ይችላልና። ጦርነትና ሁከት በተለመደው የእሳት ውል ውስጥ እንደማይገቡ፣ ሽፋን ቢገኝ እንኳ ተጨማሪ እንደሚከፈልበትም እወቁ። በዚህ ዘመን ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርም ሰው የዋህ ነው። መድን ሰጪው ያለ ምክንያት ካንገላታ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ አቤቱታው ወደዚያ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥሪዬ ልግባ። ለአንዲት ሱቅ ብሎ ገምጋሚ ጥሊሊ ድረስ የሚልክ ድርጅት አይጠበቅም፤ ለአርባ ሱቅ ግን ይመጣል። ብቻውን የገባም ቢሆን ጣሪያው ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በየሱቅ ተራው እንደራጅ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ይህ አጀንዳ ይያዝ፤ ከየሠፈሩ ሦስት ሰው ይመረጥ፣ አንዷ ማንበብና መከራከር የምትችል ሴት ነጋዴ ትሁን። ተመራጮቹ ከኢትዮጵያ መድን ድርጅትና ከግሎቹ ቢያንስ ከሁለቱ ዋጋ ያምጡ። የሚጠይቁትም የእሳትና መብረቅ፣ የስርቆት፣ የሠራተኛ ጉዳት ካሳና በደንበኛ ወይም በአላፊ አግዳሚ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የተጠያቂነት ሽፋን ነው። እነሱ እስኪመለሱ እኛ ቤንዚኑን ከብየዳው እናርቅ፣ ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው እናድርስ፣ ለአምስት አምስት ሱቅ አንድ የእሳት ማጥፊያ እንግዛ። አረቦኑ ላይ ስንደራደር የምናሳየው ይህንን ነው።

ለጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ሸልሞ እንጅባራ ላይ በአንድነት የሚወጣ ሕዝብ ለዚህ አያንስም። ከመጪው ጥር 23 በፊት የጥሊሊ ነጋዴ የጋራ የመድን ውሉን ይፈርም። ስም መመዝገቢያው ደብተር በዚህ ሳምንት ይከፈት፤ የመጀመሪያውን መስመር የሚሞላው ይህን ያነበበ ይሁን።