ዝናብ የማያቋርጠው ክርክር

በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ዝናብ ሲወርድ ተማሪዎቹ አይሮጡም። መጽሐፋቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ክርክራቸውን ሳያቋርጡ፣ ከቤቶቹ ሥር በተዘረጋው ባለዓምድ በረንዳ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። በአሮጌው ከተማ ብቻ 38 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ያለ በረንዳ አለ። እኔን የያዘኝ ግን ርዝመቱ ሳይሆን የባለቤትነቱ ነገር ነው፤ ቤቱ የግለሰብ፣ ከሥሩ ያለው መተላለፊያ ግን የመንገደኛው ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1288 የወጣው የከተማዋ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ በረንዳ እንዲያወጣለት፣ የሌለውም እንዲጨምር፣ ከፍታውም ቢያንስ 2.66 ሜትር እንዲሆን አዘዘ፤ ፈረሰኛ እንዲያልፍበት ነው ይባላል። ካዛ ኢዞላኒ ከሚባለው ቤት ሥር ቆሞ ሽቅብ ያየ ሰው፣ 9 ሜትር ያህል የሚረዝሙ የኦክ እንጨት ምሰሶዎች ዛሬም ፎቁን ተሸክመው ያገኛቸዋል። እንጨቱ ጠቁሯል፣ ተሰነጣጥቋል፣ አልተበገረም። እ.ኤ.አ. በ1563 ተሠርቶ ያለቀው አርኪጂናዚዮ፣ ግድግዳው በጥንት ተማሪዎች አርማ የተሸፈነው የቀድሞው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ፣ እጅግ ውብ ነው። ሲመሽ ግን በሩ ይዘጋል። በረንዳው በር የለውም። ስለዚህ የቦሎኛን ዩኒቨርሲቲ አሳዩኝ የሚለኝ ቢኖር አስቀድሜ የምወስደው ወደ አንድ አዳራሽ አይደለም፤ ወደ ዛምቦኒ ጎዳና ነው፣ ተማሪው ደረጃ ላይና ዓምድ ሥር ተቀምጦ ወደሚያነብበት።