ያለፈ ጊዜ ሁሉ አንድ አይደለም

ጀርመንኛ የሚያስተምሩ ብዙዎች ለተማሪዎቻቸው አንዲት አጭር ሕግ ያስጨብጣሉ፤ «ስትናገሩ ፔርፌክት፣ ስትጽፉ ፕሬቴሪቱም፤ ትርጉማቸው ግን አንድ ነው» ይላሉ። «ፕሬቴሪቱም ሊሞት የተቃረበ ቅርጽ ነውና አትድከሙበት» የሚሉም አልጠፉም። የሕጉ የመጀመሪያ ክፍል ለጀማሪ ምርኩዝ ይሆነዋል። «ትርጉማቸው አንድ ነው» የሚለው ግን ስሕተት ነው።

ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ ምድሩ ነጭ ለብሶ ያየ ጀርመናዊ «ኤስ ሃት ጌሽናይት» ይላል፤ በረዶ ጥሏል ማለቱ ነው። ነገሩ አልፏል፤ ውጤቱ ግን ከዐይኑ ፊት ተነጥፏል። በዚያው መስኮት ቆሞ «ኤስ ሽናይቴ» ቢል ግን ሰሚው ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ ይጠብቃል። «ዘንቧል»ን ከ«ዘነበ» ለይቶ ያደገ የአማርኛ ጆሮ፣ ልክ ለልክ ባይገጥምለትም፣ ይህን ልዩነት እንደ ባዕድ አይቈጥረውም።

ሊቃውንቱም ዝም አላሉም። ሃራልድ ቫይንሪሽ በ1964 ባሳተመው «ቴምፑስ» ፕሬቴሪቱምን ለሚተረከው ዓለም፣ ፔርፌክትን ለምንወያይበት ዓለም ሰጥቷል። ከእርሱ በፊት ኬቴ ሃምቡርገር በ1957 በልቦለድ ውስጥ ፕሬቴሪቱም «ነገ» ከሚል ቃል ጋር ሳይጣላ አብሮ እንደሚቆም አሳይታለች። እንዲህ ያለውን ቅርጽ «የጽሑፍ ጌጥ» ብሎ ማለፍ እንደምን ይቻላል?

«የደቡብ ሰዎች ያለ እርሱ ይኖሩ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ቀበሌኛዎች ፕሬቴሪቱምን ከተዉት ዘመናት አልፈዋል፤ በባቫሪያም ከ«ቫር» እና ከጥቂት ቃላት በቀር አይሰማም። ነገር ግን እነርሱ ትረካን አልተዉም፤ በጎደለው ቦታ የራሳቸውን ስልት አበጁ። ሕዝብ በዘመናት ውስጥ የለወጠው ሌላ፣ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰርዘው ሌላ ነው። ደግሞስ «ቫር»፣ «ሃቴ»፣ «ኮንቴ» ሳይሉ በርሊን ላይ አንድ ቀን መዋል የሚችል ማን ነው? ሦስቱም ፕሬቴሪቱም ናቸው፤ ሦስቱም የዕለት ንግግር ናቸው።

ተማሪው አንድ ቀን በ1812 መታተም የጀመሩትን የግሪም ወንድማማቾች ተረቶች ይከፍታል። በሩን ያገኘዋል፤ ቁልፉን ግን «አያስፈልግህም» ብለው ነስተውታል። ይህን ማቅለል የሚሉት እነርሱ ናቸው፤ እኔ ተማሪን መናቅ እለዋለሁ።