ገንፎው ከመገነፋቱ በፊት

አራስ መጠየቅ እናውቅበታለን። ልጅ ተወለደ ሲባል ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፣ ቅቤ ከገጠር ይመጣል፣ የአራሷ እናት ክርስትናው እስኪደርስ ልትቀመጥ ጓዟን ጠቅልላ ትደርሳለች። ሰው ሲሞትም እድሩ ድንኳኑን ተክሎ፣ ወንበሩን ደርድሮ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ይገኛል። በዚህ ማንም አያማንም። ታዲያ ሴቲቱ እህል አልወርድ ሲላት፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ በዚያው ሰሞን የልጇ ልብ፣ አንጎልና አከርካሪ በሆዷ ውስጥ ሲሠራ የት ነበርን? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደጇን የሚያንኳኳ የለም። «ማን ነግሮን?» እንላለን።

እውነት ነው፣ አልነገረችንም። ሆድ እስኪገፋ አይወራም። አንዷ ዓይን ትፈራለች፣ ሌላዋ «ቢወርድብኝስ» ትላለች፣ ሦስተኛዋ አሠሪዋ ከሰማ ኮንትራቷን እንደማያድስላት ታውቃለች። እነዚህን ምክንያቶች አልንቃቸውም፤ ዝም ያለችበት የራሷ ስሌት አላት። ነገር ግን ዝምታው ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም የምትከፍለው እሷው ናት። ስለዚህ ይህ ጥሪ ለእድር ዳኞች፣ ለማኅበርተኞች፣ ለባሎች፣ ለአማቶች፣ ለአሠሪዎች፣ ለንስሐ አባቶችና ለኢማሞች ነው። ለነፍሰ ጡሯ አይደለም። እሷ ምክር ጠግባለች።

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከመቶ እናቶች 74ቱ በእርግዝናቸው ወቅት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ ታይተዋል። ደስ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የታዩት ግን 28 ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ ዘንድ ብዙዋ እናት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ልጁ መራገጥ ሲጀምር ነው።

ቀድማ ብትሄድ ምን ታገኛለች? የደም ዓይነቷ ይታያል፤ ሾተላይ የሚያሰጋት ከሆነ ገና ከመነሻው ይታወቅና መርፌው በጊዜው ይዘጋጅላታል። ሾተላይን በጸበልና በክታብ ብቻ ሲጠብቁ ስንት ልጅ የቀበሩ ቤቶች በየሰፈራችን አሉ። ደም ማነሷ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ይመረመራል፤ ሁሉም በጊዜ ከተገኘ ለልጁ መላ የሚበጅለት ነው። ብረትና ፎሊክ አሲድ ይሰጣታል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ክትትሉ ከክፍያ ነፃ ነው። የሚጎድለው የታክሲ ወይም የባጃጅ ሂሳብ፣ ልጆቿን የሚይዝላት ሰውና «ተነሺ፣ አብሬሽ ልሂድ» የሚል አንድ ድምፅ ነው።

ፎሊክ አሲድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ክፉኛ ዘግይተናል። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያን ጊዜ እናቲቱ የወር አበባዋ ቢዘገይ ገና ሁለት ሳምንት ነው፤ «ድካም ይሆናል፣ ጾሙ ይሆናል» እያለች ነው። ቱቦው በወጉ ካልተዘጋ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍት ሆኖ፣ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት፣ ብዙ ጊዜም ራሱ ላይ ውኃ ተጠራቅሞ ይወለዳል፤ ሲከፋም ለመኖር ሳይታደል ይቀራል። አገራችን ይህ ችግር ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። አብዛኛውን መከላከል የሚቻለው ደግሞ በቀን 400 ማይክሮ ግራም በምትሆን፣ ከጥፍር በምታንስ እንክብል ነው፤ ያውም ከመፀነሷ በፊት ከጀመረች። ሐኪም ቤት ሄዳ «እርጉዝ ነሽ» ከተባለች በኋላ የሚሰጣት እንክብል ለብዙ ነገር ይጠቅማታል፤ ለዚያ ቱቦ ግን አልፏል።

የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል፤ መልካም ሥራ ነው፤ ፋብሪካዎቹ በእርግጥ እየጨመሩ መሆናቸውን ሸማች ማኅበራት ይጠይቁ። ጤፏንና በቆሎዋን ሰፈሯ ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ ሴት ግን ከዚያ ዱቄት አትደርስም። ለእሷ የሚደርስላት ሠርጓ ነው። አዎ፣ ሠርጓ! ለሙሽሮች ብርድ ልብስና የሻይ ብርጭቆ ተሸክመን እንሄዳለን፤ ሚዜዎች ፎሊክ አሲዱን ከጤና ባለሙያ ጠይቀው ከስጦታው ጋር ቢያኖሩት ማን ይቀየማል? የሃይማኖት ተቋማት በኤችአይቪ ዘመን ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት መጠየቅ ሲጀምሩ ያጉረመረመ ነበር፤ ለመደ። አሁንም ሙሽራና ሙሽሪት ለማስተማር ሲቀመጡ ስለ ፎሊክ አሲድ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨምሩበት።

«ሴቲቱ ካልነገረችን እንዴት እንርዳ?» ለሚል አንድ ያየሁትን ልንገረው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ በሚከራይበት ግቢ ቡና ተጠራን። ቡናው ተቆላ፣ የተቆላው እንደ ወጉ ለማሽተት ዞረ። አንዲት ወጣት ሚስት ዘንድ ሲደርስ ጢሱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች፣ «ግሩም ነው» አለች፣ ፈገግ አለች፣ ቀስ ብላ ተነሥታ ከመጸዳጃው ጀርባ ሄደች። ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። «ጨጓራዬ ነው» አለች። ሁላችንም ገብቶናል፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። በሚቀጥለው ጊዜ ቡናውን የሚያፈሉት እማማ ምድጃውን ወስደው በውጭው በር አጠገብ አኖሩት። «ከሰሉ ያጨሳል፣ ዓይኔን አመመኝ» አሉ። ተቆልቶ ሲያበቃም ለማሽተት አልዞረም። ልጅቱ ምንም አልተጠየቀችም፣ ምንም አልተናገረችም። የምጠይቀው እንዲህ ያለውን ብልኅነት ነው፤ ምሥጢሯን ሳይነኩ ሸክሟን ማንሣት።

ከአስር ነፍሰ ጡሮች ሰባት ስምንቱ ያቅለሸልሻቸዋል። ስሙ የጠዋት ሕመም ቢባልም ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቃት ብዙ ናት። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ በርበሬ ሲታመስ፣ ናፍጣ ሲሸት፣ የባሏ የጫማ ቀለም ሳይቀር ሆዷን ይገለብጠዋል። የበላችው አይረጋም። እንቅልፍ እንደ ጉም ይጫናታል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የላትም፤ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ስለዚህ «ሰነፈች» ትባላለች። በ20 ሊትር ጀሪካን ውኃ እንድትቀዳ፣ ጢስ ውስጥ ቆማ እንጀራ እንድትጋግር የሚጠበቅባትም በዚሁ ወቅት ነው። ስድስተኛ ወር ላይ ሆዷን አይቶ የሚነሣላት ጎረምሳ ሁለተኛው ወር ላይ በሚኒባስ ውስጥ ስትንገላታ አይነሣም። ለጎረምሳው እንኳ አልፈርድበትም፤ ቤቷ ያለው ግን ያውቃል።

አንተ ባል፣ አንተን ነው። ጀሪካኑን አንሣ። ሽንኩርቱን አንተ አቁላላ፤ ዓይንህ ቢያለቅስ አትሞትም። ጠዋት ከአልጋ ከመነሣቷ በፊት ደረቅ ቂጣ ወይም ዳቦ ቆሎ ከራስጌዋ ይኑር፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ማቅለሽለሹን ያስታግሳል፤ ዝንጅብል ሻይም ይረዳል። የማገዶውን ጢስ ቀንስላት። «ምች ነው» ብሎ የመጣውን ሁሉ አታጠጣት፤ ኮሶና ብዙ ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ናቸው፤ ከመድኃኒት ቤትም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም አይገዛላት። ቆላ የምትኖሩ አጎበሩን የሚዘረጋው ሌላ ሰው ይሁን፣ እሷ ግን ከሥሩ ትተኛ።

አማቶች ሆይ፣ «እኛ ማጭድ ይዘን ነው የወለድነው» የምትሉትን እናከብራለን። ከናንተ ጋር ማጭድ ይዘው ያልተመለሱትንም ታውቃላችሁ፤ ስማቸውን የምትጠሩት እናንተ ብቻ ናችሁ። ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ስትሄዱ ሰፈሩ ይከተላል፤ የናንተ እግር ከማንም ሰባኪ ይበልጣል።

የንስሐ አባቶችና ኢማሞች፣ ነፍሰ ጡሯ ፈቃድ ለመጠየቅ ታፍራለች። እስክትጠይቅ አትጠብቁ። የጾም ወራት ሲገባ፣ ከዓውደ ምሕረትም ከሚንበርም፣ እርጉዝና የምታጠባ እናት እንዴት እንደሚታሰብላት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ባሏም አብሮ ይስማ።

አሠሪዎች ዘንድ ልመና አያስፈልግም፣ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝናዋ ምርመራ ስትሄድ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ በእርግዝናዋና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ከሥራ እንዳትሰናበት ይደነግጋል። በኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የቆመችው፣ በአበባ እርሻ መድኃኒት ከተረጨበት ቤት የምትገባዋ ልጅ ይህን አንቀጽ አታውቀውም። የሠራተኛ ማኅበራት፣ መግቢያ በሩ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉት፤ መጸዳጃ ደርሳ ለመመለስ ከአለቃ ፈቃድ መለመንም ይቁም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ይጨናገፋሉ፣ አብዛኞቹም በእነዚሁ ሦስት ወራት ውስጥ። ከግማሽ ያላነሱት መነሻቸው ፅንሱ ገና ሲፈጠር የሚያጋጥም የክሮሞዞም መዛባት ነው፤ ዓይን አይደለም፣ የበላችው ወይም የተመኘችው አይደለም። ነገር ግን ሰፈሩ «ምን ተሸክማ ነው?» ይላል፣ ይባስ ብሎም «አስወርዳው ነው» ይላል። ድንኳን አይተከልም፣ ለቅሶ አይደረስም፣ በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠበች ትታያለች። እድርተኞች፣ ለዚህችም ሴት ድረሱ። ድንኳን አያስፈልግም፤ ሁለት ሴቶች ሾርባ ይዘው ይግቡ፣ የወረደውን አይመርምሩ፣ ለሳምንት ያህል ሥራዋን ይሥሩላት። ደም ከፈሰሳት፣ ወይም በአንድ ወገን ሆዷን ሰቅዞ ከያዛትና ካዞራት፣ ወይም ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ወይም ካተኮሳት፣ ለነገ አይባልም፤ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሆኖ ከሆነ ሰዓታት ይወስኑላታል። የሰፈሩ ባለመኪና ስልክ በእድሩ መዝገብ ላይ ይኑር፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ብር ከካዝናው ይለይ።

«እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚል አይጠፋም። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር ተሻግረው ሕሙማንን አስታምመዋል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን አስተምረዋል። በ1997 ዓ.ም. በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ይህን ያደረገው አምቡላንስና ሐኪም ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል፣ ወንዶች ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክመው ኮረብታ ወጥተዋል፣ ሴቶች በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ቡና አፍልተው ገንፎ ገንፍተዋል። ወሊዱን እንዲህ ከቤት አውጥተን ወደ ብርሃን አምጥተነዋል። ያንኑ ጉልበት ስድስት ወር ወደ ኋላ ማምጣት ነው የቀረን።

ስለዚህ በመጪው የእድር ስብሰባ፣ መዋጮና ቅጣት ከተነበበ በኋላ «ልዩ ልዩ» ሲባል፣ እጃችሁን አውጡ። ሰፈሩን የምታውቅ አንዲት ሚስጥር ጠባቂ ሴት እንድትመረጥ፣ ማንም እርጉዝ ለእሷ ብቻ ነግራ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት ሰውና የመጓጓዣ ብር እንድታገኝ፣ ስሟም በመዝገብ እንዳይሰፍር ሐሳብ አቅርቡ። የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዚያው ቀን ጋብዟት፣ ፎሊክ አሲዱን እሷ ታስረዳ። ሰብሳቢው «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ካለ፣ ድምፅ ይሰጥበት በሉ።