ሹራብና ሹሩባ



ዛሬ በሁለት ቃላት እንጀምር። ሹራብ። ሹሩባ። ጣታችሁን ፊደሉ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሁለቱም በ«ሹ» ይጀምራሉ። አንዱ ጋ «ራ» አለ፤ ሌላው ጋ «ሩ» አለ። ሹራብ በብርድ ጊዜ ይለበሳል። ሹሩባ ራስ ላይ ይሠራል። አሁን ግን የሹራቡ ክር ወደ ሹሩባው ገብቷል። ልጃገረዶች ከገበያ ቀይና ጥቁር ክር እየገዙ ከጠጉራቸው ጋር ያስጎነጉናሉ። አጭሩ ጠጉር ረዘም ይላል። ያምራል። እኛም ወደድነው። ወደነውም ጥፋት ሠራን።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያረፍንበት ቤት ልጅ «እትዬ፣ በክር ሥሩኝ» አለችን። ዕድሜዋ 12 ነው። እኛ ሁለት አስተማሪዎች ከተማ ሳለን ጓደኞቻችንን ሠርተን ስለነበር እናውቃለን ብለን ተቀመጥን። ጠበቅ ካለ ብዙ ይቆያል አልን። ከግንባሯ ዳር ጀምረን፣ ቀጫጭን አድርገን ሳብ፣ ሳብ! «አመመኝ» ስትል «ቻይው፣ ነገ ይለምድሻል» አልናት።

ሌሊቱን አልተኛችም። ቅንድቧ ወደ ላይ እንደተሳበ ደመራው ዘንድ ቆመች። በሦስተኛው ቀን ጠጉሯ ሥር ነጫጭ ብጉር ወጣ። ስንፈታው የግንባሯ ዳር ጠጉር ከነክሩ ተነቅሎ እጃችን ላይ ቀረ። እናቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። «ይበቅላል?» ብቻ አሉ። ያ ከስድብ ባሰብን። መልሱን አናውቀውም ነበርና።

ልጅቷን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። እዚያ የነገሩን ይህ ነው። ጠጉር ሲሳብ ሥሩ ይጎዳል። ቶሎ ተፈትቶ ካረፈ መልሶ ይበቅላል። ለብዙ ጊዜ እየተሳበ ከኖረ ግን ሥሩ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ ቅባትም ቅቤም አይመልሰውም። ሹሩባ ሲሠራ ማመም የለበትም። ራስ ምታት፣ ብጉር፣ እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ጠብቋል ማለት ነውና ያኑኑ ይፈታ።

ከዚያ በኋላ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብለን እንደገና ተማርን። ፊደል የምናስቆጥራቸው እኛ፣ ሹሩባ ያስተማሩን እሳቸው!

መጀመሪያ ክሩን መለየት ነው። ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ፣ ከራስ ርቃችሁ፣ ድንጋይ ላይ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። የበግ ጠጉር ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ቀልጦ እንደ ጥቁር ጠጠር ከደረቀ በፋብሪካ የሚሠራው አክሪሊክ የሚባለው ነው። ርካሹ ክር ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አክሪሊክ ቀላል ነው፤ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፤ ይከብዳል፤ ሲከብድም ይስባል። ክሩን ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ቀለም የሚለቅ ከሆነ ነጠላችሁን ሳያበላሽ ታውቁታላችሁ።

ጠጉሩ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ደርቆ ይቅረብ። ክሩ የሚቆረጠው ከሚፈለገው ርዝመት እጥፍ ተደርጎ ነው፤ ከመሐል ይታጠፋልና። ሦስት ክር ሲታጠፍ ስድስት ጫፍ ይሆናል። ጠጉሩን ለሦስት ትከፍላላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጫፍ ይደርሳል። ይኸው ሒሳብም ሠራን! የክሩን እጥፋት ከጠጉሩ ሥር አሳርፋችሁ ጎንጉኑ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር ላላ አድርጉ። ጠጉሩ ቀጭን ከሆነ ክሩን ቀንሱ። በጣም ቀጫጭን አድርጎ ብዙ ክር መጫን ለአንድ ሕፃን የትልቅ ሰው ሸክም መስጠት ነው። የግንባርና የጆሮ አጠገብ ለስላሳ ጠጉር አይነካ። ጫፉን ቋጥሩት እንጂ ራስ ላይ እያለ በእሳት አታቅልጡት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞቻችን «ይህ የሴት ወሬ ነው» ብለው ገጹን ሊያጥፉ ይሆናል። ቆዩ! ዐፄ ቴዎድሮስስ ሹሩባ ይሠሩ አልነበረምን? በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ጠጉራቸውን ቆርጠው ወሰዱ። ያ ጠጉር ለንደን በሚገኝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። 151 ዓመት መሆኑ ነው። አሁን ንባባችሁን ቀጥሉ።

ከተሠራ በኋላ ያለው ሥራ ይበልጣል። በየሁለት ሳምንቱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና የራሱ ቆዳ ይታጠብ። በእንዶድ አይሁን፤ ዓይን ያቃጥላል። ክሩን ጨምቁት፤ ፀሐይ ላይ ሆናችሁ እስከ ውስጡ አድርቁት። እርጥብ ክር አስሮ መተኛት ራስ ያሸትታል። ቅቤ ለምዳችኋል፤ አትተዉት፤ ግን በጣት ጫፍ ቆዳው ላይ ብቻ ይሁን። ክር ቅቤን ይጠጣል፤ ቅቤው የምድጃውን ጢስና የመንገዱን አቧራ ይይዛል። ማታ በሻሽ ሸፈን አድርጉት።

እሳት ስታነዱ ሹሩባውን ወደ ኋላ ሰብስባችሁ እሰሩ። ይህን ደግመን እንላለን። አክሪሊክ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ቅማል ያለበት ራስ በክር አይሠራ። ቅጫሙ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ በሹሩባው ውስጥም አይታይም። ጠጉሩ እየተመለጠ ቅርፊት ያለው ክብ ቁስል ካያችሁ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። የራስ ጭርት በሚቀባ ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ማበጠሪያውንም ለሌላ አታውሱ።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ይፈታ። ክሩን ስትቆርጡ ጠጉሩ የት እንደሚያልቅ በጣት ዳስሳችሁ፣ ከዚያ በታች ቁረጡ። ሲፈታ ብዙ ጠጉር ቢረግፍ አትደንግጡ። ከሰው ራስ በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ጠጉር ይረግፋል፤ የሰነበተው ሹሩባው ውስጥ ታስሮ ነው። ደግሞ ከመሠራቱ በፊት ጥቂት ሳምንት ይረፍ።

የኛዋ ልጅ ለገና አልተሠራችም። ለጥምቀትም ሻሽ አስራ ወጣች። ለፋሲካ ግን የግንባሯ ዳር ጠቆር ጠቆር ማለቱን እናቷ በብርሃን አዩት። ክሩን ራሷ ቆጥራ፣ ስድስቱን ጫፍ ይዛ መጣችና ከፊታችን ተቀመጠች። ገና ማበጠሪያውን ስናነሣ «እትዬ፣ ቀስ» አለች።